ያረጀች ድመት ዝም ስትል፦ ስለ መገጣጠሚያ ሕመምና ማስታገሻው

ድመት ስታረጅ ቤቱ ጸጥ ይላል። ፍሪጅ ላይ ትወጣ የነበረችው አሁን ሶፋ ሥር ትተኛለች። አይጥ ሲያልፍ አንገቷን ብቻ ቀና ታደርጋለች። ወገቧ ላይ ያለው ጸጉር ተቋጥሯል። ሰውም «አርጅታለች እኮ» ይልና ያልፋል።

ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ዕድሜ ብቻ አይደለም። እያመማት ነው። በዕድሜ የገፉ ድመቶችን በብዛት ከሚያሠቃዩ ሕመሞች አንዱ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ በየቤቱ ቁርጥማት የምንለው ዓይነት። ዕድሜን መመለስ አይቻልም። ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይሠራሉ። አንዱ ዝም ብሎ መተው ነው። ሌላው ከአዘኔታ የሚመጣ ነው፤ የራስን ክኒን ቆርሶ መስጠት። የመጀመሪያው ድመቷን ያሠቃያታል። ሁለተኛው ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት እንኳ ስለ ፓናዶል የሚናገረውን ክፍል አትዝለሉት።

መገጣጠሚያዋ ውስጥ ምን እየተፈጠረ ነው?

ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ መገጣጠሚያ ነው። ጉልበት፣ ክርን፣ ዳሌ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ሁሉ መገጣጠሚያ ናቸው። የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳና በሚያንሸራትት ሽፋን የተለበጠ ነው። በመካከላቸው ደግሞ ወፈር ያለ ፈሳሽ አለ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ያለ ሕመም የሚታጠፈው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

በዕድሜ ብዛት ይህ ሽፋን ይሳሳል። የቆየ ስብራት ወይም ውልቃት ካለ ቶሎ ይሳሳል። ከተፈጥሮዋ ዳሌዋ በደንብ ያልገጠመ ድመትም ቀድማ ትታመማለች። ሽፋኑ ሲጎዳ ሰውነት ብግነት ያስነሣል። ብግነት ማለት የተጎዳ ቦታ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም የምናየው የሰውነት ምላሽ ነው። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ቁስል ያድናል። ለወራትና ለዓመታት ሲቆይ ግን ራሱ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። አጥንቱም ጠርዙ ላይ ትርፍ እብጠት ያበቅላል። መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ እንደ ልብ አይታጠፍም።

ሕመሙ ግን ከአጥንት መፋተግ ብቻ አይመጣም። የታመመው መገጣጠሚያ ነርቮችን የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ከእነዚህ አንዱ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ነው፤ ሐኪሞች ኤንጂኤፍ ይሉታል። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ መድኃኒቱ ስንደርስ ያስፈልገናል። ሕመሙ ሲቆይ ነርቮቹ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ። ቀድሞ የማያማት ንክኪ ያማታል። ወገቧን ስትዳብሷት ድንገት ዞራ የምትነክሳችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ጠባይዋ ስለከፋ አይደለም።

ይህ ምን ያህል የተለመደ ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ድመቶች ራጅ ታይቶ ነበር። በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ለውጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ6 ወር እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 100 ድመቶች በዘፈቀደ ተመርጠው ሲታዩ፣ 92ቱ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ለውጥ ነበረባቸው። በራጅ ላይ ለውጥ የታየባት ድመት ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። ግን ብዙዎቹ እንደሚያማቸው ሳናውቅ ነው አብረናቸው የምንኖረው።

ካመማት ለምን አታነክስም?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሻ እግሩን ሲያመው ያነክሳል፤ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ድመት ግን ብዙ ጊዜ አታነክስም። አንደኛው ምክንያት ሕመሙ ሁለቱንም ጎን መያዙ ነው። ሁለቱም ዳሌ ወይም ሁለቱም ክርን ካመማት ክብደቷን የምታዞርበት ጤነኛ እግር የለም። ሌላው ተፈጥሮዋ ነው። ድመት ብቻዋን የምታድን ትንሽ አውሬ ናት፤ ራሷም በትልልቅ እንስሳት ትታደናለች። ደካማ መስሎ መታየት ለእሷ አደጋ ነው። ስለዚህ አትጮህም፣ አታለቅስም። የሚያማትን ነገር ማድረግ ትተዋለች፤ በቃ።

ስለዚህ መፈለግ ያለብን ማንከስን አይደለም። የቀረውን ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ዘላ ትወጣበት የነበረውን ቦታ አሁን በሁለት ዝላይ ትወጣለች? መጀመሪያ ወንበር ላይ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ? ከመዝለሏ በፊት ቆማ ታመነታለች? ስትወርድ በፊት እግሮቿ ግድግዳውን ወይም የሶፋውን ጎን እየተንተራሰች ነው? ደረጃ ስትወጣ እንደ ጥንቸል ሁለቱን የኋላ እግሮቿን አንድ ላይ ታነሣለች? የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ባለቤቱን የሚጠይቁት ስድስት ነገር ብቻ ነው። ትሮጣለች? ወደ ላይ ትዘላለች? ወደ ታች ትዘላለች? ደረጃ ትወጣለች? ደረጃ ትወርዳለች? የሚንቀሳቀስ ነገር ታባርራለች? እያንዳንዱን እንደ ጤነኛ ድመት ታደርጋለች ወይስ አታደርግም? አንዱም ቢሆን «አይ» ከሆነ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ከእንቅስቃሴ ውጭም ምልክት አለ። ድመት ራሷን ስትልስ ወገቧ ይጠማዘዛል፤ አንገቷም እንዲሁ። ካመማት መላሱን ትተዋለች፤ ጸጉሯ ይድበለበላል፣ ፎረፎር ይወጣበታል። ጥፍሯን መሳል ታቆማለች። ያረጀች ድመት ጥፍር ይወፍራል፤ ካልተሳለ ደግሞ ተጠማዝዞ መዳፏ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ በጣም ያማል፤ ማየት ደግሞ ቀላል ነው። ዛሬውኑ መዳፏን ገልብጣችሁ እዩ።

ሌላው በጣም የሚያሳዝነው ከመጸዳጃዋ ውጭ መጸዳዳት ነው። ሰው «ሆን ብላ ነው፣ ተናዳብኝ ነው» ብሎ ይመታታል። እውነቱ ግን የመጸዳጃዋ ጠርዝ ከፍ ብሎባት ሊሆን ይችላል። ወይም ቁጢጥ ስትል ዳሌዋን ያማታል። የታመመች ድመት በሕመሟ ስትመታ ማየት የዚህ ሁሉ ጉዳይ ከባዱ ክፍል ነው።

ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ክሊኒክ ውስጥ ድመት ትደነግጣለች። የምርመራው ጠረጴዛ ላይ ኩርምት ትላለች፤ ሐኪሙ አረማመዷን ማየት አይችልም። ስለዚህ ትልቁ ማስረጃ ያለው እናንተ ስልክ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ስትዘል፣ ስትወርድ፣ ደረጃ ስትወጣና ስትጫወት በቪዲዮ ቅረጿት። የድሮ ቪዲዮ ካላችሁ እሱንም ያዙ። ከሁለት ዓመት በፊት እንዴት ትዘል እንደነበር ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቿን አንድ በአንድ ያጥፋል፤ የኋላ እግሮቿ ጡንቻ መመንመኑን ይዳብሳል። ራጅ ሊያዝ ይችላል። ራጅና ሕመም ግን ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ራጇ ያስፈራ ሆኖ እሷ ደህና ልትሆን ትችላለች፤ ተቃራኒውም አለ። የደምና የሽንት ምርመራ ግን መቅረት የለበትም። ባረጁ ድመቶች ላይ የኩላሊት መድከም በጣም የተለመደ ነው፤ የትኛውን መድኃኒት መስጠት እንደሚቻልም ይወስናል። የስኳር በሽታም የኋላ እግርን ያዝላል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መብዛት ደግሞ ድመትን ያከሳታል፤ ጡንቻዋንም ያመነምነዋል። ሁሉም ከቁርጥማት ጋር ሊምታቱ ይችላሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና አብዛኛው ትኩረቱ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ ላይ ነው። ድመት ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ቢሆንም መሄጃ አለ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻና ድመት የሚያዩ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ድመት እንደሚያዩና የደም ምርመራ እንዳላቸው ጠይቁ።

ፓናዶል ብሰጣትስ?

አትስጧት። ሩቡንም አትስጧት።

ፓናዶል የፓራሲታሞል አንዱ የንግድ ስም ነው። በሰው ጉበት ውስጥ ይህን መድኃኒት ከአንድ የስኳር ዓይነት ጋር አጣብቆ በሽንት የሚያስወጣ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይም ማለት ሰውነት ውስጥ አንድን ነገር ወደ ሌላ የሚቀይር ፕሮቲን ነው። ድመት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋት ዘረመል የተበላሸ ስለሆነ ኢንዛይሙ በበቂ መጠን የላትም። ቧንቧው ተከፍቶ ፍሳሹ የተደፈነ መታጠቢያ አስቡ። ውሃው የሚሄድበት የለውም፤ ሞልቶ ይፈስሳል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ሰውነቷ ውስጥ ይከማችና ወደ መርዝ ይለወጣል።

መርዙ መጀመሪያ የሚያጠቃው ቀይ የደም ሴሎችን ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በድመት ውስጥ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። ከተጎዳ በኋላ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ትንፋሽ ያጥራታል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ክኒን 500 ሚሊግራም ነው፤ ለ4 ኪሎ ድመት ግማሹ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ሰጥታችሁ ከሆነ ምልክቱ እስኪታይ አትጠብቁ። ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ምን ያህል ክኒን በስንት ሰዓት እንደወሰደች ንገሩት። አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ቶሎ ሲሰጥ ነው የሚሠራው።

እግረ መንገድ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የበሰለም ያው ነው። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስለዚህ እንጀራ በወጥ ለድመት ጥሩ ምግብ አይደለም፤ ላረጀችና ለታመመች ድመት ደግሞ ይብስባታል።

አይቡፕሮፊንና ዲክሎፌናክ የሚጎዱት በሌላ መንገድ ነው፤ ጨጓራዋን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቷን ያደክማሉ። አስፕሪንም ሰውነቷ ውስጥ ይቆያል። ግማሹን ለማስወገድ እንኳ ወደ 40 ሰዓት ይፈጅባታል። ቤት ውስጥ ጉልበቱን ቅባት የሚቀባ ሰው ካለም ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ፍሉርቢፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ቅባት የሚቀቡ ሰዎች ባሉባቸው ሁለት ቤቶች አምስት ድመቶች ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ቅባቱን ድመቶቹ ላይ የቀባ አልነበረም። የተቀባ ሰው ጭን ላይ መተኛት፣ ጨርቁን መንካትና ከዚያ ጸጉርን መላስ ይበቃል ማለት ነው። ቪክስና የባሕር ዛፍ ዘይትም ለድመት ወገብ አይሆኑም።

ታዲያ ምን ይሰጣታል?

ለድመት የሚሆኑ ብግነት ቀናሽ መድኃኒቶች አሉ። በብዛት የሚታወቁት ሜሎክሲካምና ሮቤናኮክሲብ ናቸው። ሁለቱም ብግነት የሚያስነሡ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ ያደርጋሉ። ችግሩ እነዚያው ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደምም ይቆጣጠራሉ። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ከበዛ ወይም በድመቷ ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ካነሰ ጉዳት ይመጣል።

ስለ ሜሎክሲካም ብዙ ሰው ይደናገራል፤ በተለይ አንዱ ዘመድ ስዊድን ስቶክሆልም ሌላው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ሲመካከሩ። አውሮፓ ውስጥ ለድመት የረጅም ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም በአፍ የሚሰጥ ሜሎክሲካም ተፈቅዷል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለድመት የተፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መርፌ ነው። ተደጋግሞ ሲሰጥ ኩላሊት ሊያደክምና ሊገድል እንደሚችል መለያው ላይ ተጽፏል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አውሮፓ ውስጥ በየቀኑ የሚሰጠው መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ደሟም እየታየ ነው የሚሰጣት። ምን ያህል ትንሽ? ለ4 ኪሎ ድመት በቀን 0.2 ሚሊግራም ገደማ። ፋርማሲ የሚሸጠው የሰው ክኒን 7.5 ሚሊግራም ነው፤ የአንድ ወር ከምናምን መጠን በአንድ ክኒን ማለት ነው። ቆርሶ ማስተካከል አይቻልም። የውሻው ፈሳሽም 3 እጥፍ የጠነከረ ስለሆነ «ያው ሜሎክሲካም ነው» ተብሎ አይሰጥም።

ይህን መድኃኒት የምትወስድ ድመት ከምግብ ጋር ትወስዳለች። ምግብ ከተወች፣ ካስታወከች ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ ወዲያው ይቆማል፤ ለሐኪሙም ይነገራል። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ካሉ ስቴሮይድ ከሚባሉ ብግነት ቀናሽ መድኃኒቶች ጋር አብሮ አይሰጥም።

አሁን ወደ ኤንጂኤፍ እንመለስ። ፍሩኔቬትማብ የሚባል መርፌ አለ፤ የንግድ ስሙ ሶሌንሲያ ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021፣ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ተፈቀደ። ኤፍዲኤ ለማንኛውም እንስሳ ከፈቀዳቸው የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የመጀመሪያው ነው። የሚሠራው ነርቭ የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን ይዞ ወደ ነርቮቹ እንዳይደርስ በማድረግ ነው። የተሠራው በፀረ እንግዳ አካል መልክ ነው፤ ሰውነት ተዋሲያንን ይዞ የሚያስቀርበት ዓይነት ፕሮቲን። በወር አንድ ጊዜ ሐኪም ከቆዳዋ ሥር ይወጋታል። ሰውነቷ እንደማንኛውም ፕሮቲን ስለሚፈጨው በኩላሊትና በጉበት ላይ ብዙ ጫና የለውም። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ አንገትና ፊት ላይ ማሳከክና ቁስል ግን ሊያመጣ ይችላል። ለውሻ የተሠራ ተመሳሳይ መርፌ አለ፤ እሱ ለድመት ፈጽሞ አይሰጥም።

ጋባፔንቲን ደግሞ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው። ለድመት ተብሎ ለቁርጥማት የተፈቀደ ባይሆንም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ያዙታል። ያደነዝዛታል፤ መጀመሪያ ላይ ስትራመድ ልትንገዳገድ ትችላለች። ኩላሊቷ ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። ሐኪም ያላወጣው መጠን እዚህም አይሠራም።

ግሉኮሳሚን በየቦታው ይሸጣል። ማስረጃው ደካማ ነው፤ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ለደም ምርመራ ብታወጡት ይሻላል። የዓሣ ዘይት መጠነኛ ጥቅም ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ። ከዓሣ ጉበት የተሠራውን ዘይት ግን አትምረጡ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ሌዘርና አኩፓንክቸር የሚሰጡ ክሊኒኮችም ውጭ አገር አሉ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተጨማሪ ሊሆኑ ይችላሉ።

መድኃኒት ባላገኝስ? ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። መድኃኒት ብታገኙም ይህን አትተዉት።

ከመዝለል አድኗት። ሶፋው ሥር በርጩማ አስቀምጡ። መስኮት ላይ መቀመጥ ትወዳለች? ሁለት ሣጥን ደረጃ አድርጋችሁ ደርድሩላት። የማይነቃነቅ መሆኑን በእጃችሁ ተጭናችሁ አረጋግጡ፤ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተባት ዳግም አትሞክረውም። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ከመኝታዋ እስከ ምግቧ ቁራጭ ምንጣፍ አንጥፉ። የሚያንሸራትት ወለል ዳሌዋን ለሚያማት ድመት ሥቃይ ነው።

ምግቧንና ውሃዋን በተኛችበት አቅራቢያ አድርጉት። አንገቷንና ክርኗን እንዳያማት ሳህኑን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጉት። ውሃውን ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ። ቤቱ ፎቅ ከሆነ በየፎቁ መጸዳጃ ያስፈልጋታል።

መጸዳጃው ዝቅ ያለ ጠርዝ ይኑረው። ትልቅ ፕላስቲክ ሳፋ አንድ ጎኑን ቆርጣችሁ መግቢያ አውጡለት፤ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይቧጭራት አለስልሱት። ደቃቅ አሸዋ ለመዳፏ ይመቻታል። ግቢ ውስጥ የምትጸዳዳ ከሆነ ክረምት ላይ ጭቃው ያስቸግራታል፤ ከጣሪያ ሥር ደረቅ አሸዋ አዘጋጁላት። ማታ ማታም ቤት ትደር። መዝለል ያቃታት ድመት ውሻ ሲመጣባት አጥር ላይ መውጣት አትችልም።

ሙቀት ይረዳታል። ወፈር ያለ ስፖንጅ ላይ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፉላት፤ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። እጃችሁ ላይ ለብ ካለ በቂ ነው፤ መፍላት የለበትም። ካልተመቻት ተነሥታ የምትሄድበት ቦታ ይኑራት። በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንዱላት፤ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ እሷንም እናንተንም ሊገድል ይችላል።

ራሷን መላስ ካቃታት በለስላሳ ብሩሽ አበጥሯት፤ ወገቧ ላይ በቀስታ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የጥፍሯን ጫፍ ቁረጡ። ውስጡ የሚታየው ሮዝ ክፍል ደም ሥር ስላለው እዚያ አትድረሱ። ማጫወትም አለባችሁ። ገመድ መሬት ለመሬት እየጎተታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ሳትዘል የምትከተለው ይሁን። ጡንቻ ሲመነምን መገጣጠሚያው ድጋፍ ያጣልና።

ምግቧስ?

የወፈረች ድመት ከሆነች ክብደት መቀነስ ከሁሉም ይበልጣል። እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ የሚያርፈው በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ግን ቀስ ብሎ ይሁን፤ በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ። ድመትን በረሃብ ማክሳት አይቻልም። በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቋረጠች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ለሞት ሊያደርሳት ይችላል።

አሁን ወደ ጉበት። ብዙ ቤት ድመት የምትበላው ከሥጋ ቤት የሚመጣ ትርፍራፊ ነው። ሳንባ ከሆነ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም። ጉበት ከሆነና በየቀኑ ከሆነ ግን ሌላ ችግር አለ። ጉበት በቫይታሚን ኤ የተሞላ ነው። ድመት ለወራት ዋና ምግቧ ጉበት ሲሆን ቫይታሚኑ ይከማችባትና የአንገቷ አጥንቶች ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ እስኪጣበቁ ድረስ። ክርኗም ሊደርቅ ይችላል። አንገቷን ማዞር፣ ራሷን መላስ ያቅታታል። ከዓሣ ጉበት የሚወጣ ዘይትን የከለከልኩት ለዚህ ነው። ጉበት አልፎ አልፎ ትንሽ ቁራጭ አይጎዳም፤ የዕለት ቀለቧ ግን አይሁን። ሐኪም ቤት ስትሄዱም ምን እንደምትበላ በግልጽ ንገሩ።

መሻሏን በምን አውቃለሁ?

ሰው የሚወዳትን ድመት ሲያሳክም እንዲሻላት ይመኛል፤ ምኞቱም ዓይኑን ያታልለዋል። ይህ በጥናት የታየ ነው። ሶሌንሲያ ሲፈተሽ መድኃኒቱን ካገኙት ድመቶች ባለቤቶች ከሁለት ወር ገደማ በኋላ 76 በመቶ ያህሉ መሻሻል አዩ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተሰጣቸው ድመቶች ባለቤቶች ግን 65 በመቶ ያህሉ «ተሽሏታል» ብለዋል። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። በስሜት ብቻ መፍረድ አይቻልም ማለት ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ሳይጀመር ሦስት ነገሮችን ምረጡ፤ የእሷ የሆኑ ነገሮች። ለምሳሌ አልጋችሁ ላይ መውጣት፣ የጓሮ ደረጃ መውረድ፣ ወገቧን መላስ። እያንዳንዱን በቪዲዮ ያዙ፤ ቀኑንም ጻፉ። ከአራት ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ ዳግም ቅረጹ። ቪዲዮዎቹን ጎን ለጎን ስታዩ ራሳችሁን አታታልሉም። ለውጥ ከሌለ ለሐኪሙ አሳዩትና መድኃኒቱ ይቀየር ወይም ይጨመርበት።

በሽታው አይድንም። አንዳንዴ የተሞከረው ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ ይመጣል። አትበላም፣ አትነሣም፣ ሲነኳት ትጮሃለች፣ መጥፎ ቀኖቿ ከጥሩዎቹ ይበዛሉ። ያን ጊዜ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ስለማድረግ ሐኪሙን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። ሰው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ማፈር የለበትም።

ቁርጥማት ያልሆነው የቱ ነው?

ቁርጥማት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድንገት የመጣ ነገር ሌላ ነው። ድመቷ ድንገት ጮሃ የኋላ እግሮቿን መጎተት ከጀመረች፣ መዳፎቿ ከቀዘቀዙና ከገረጡ፣ ደም ረግቶ የእግሮቿን ደም ሥር ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከልብ በሽታ ጋር የተያያዘ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ያስፈልጋታል። አፏን ከፍታ መተንፈስ፣ ሽንት አምጣ አለመሽናት (በተለይ ወንድ ድመት ላይ)፣ ከአንድ ቀን በላይ ምንም አለመብላትም እንዲሁ እስከ ነገ አይቆዩም። ስትሄዱ ሣጥን ወይም ቅርጫት ውስጥ ፎጣ አንጥፋችሁ አስገቧት፤ ከላይ በጨርቅ ሸፍኑት። የምትወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው አትርሱ።